የሞተው ግንበኛ ምስክርነት

«ሞቷል አልኩሽ! በገዛ እጄ አጥፌ የቀበርኩትን ሰው አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው የምታስነሺብኝ?»

እታለም የያዘችውን ቁራሽ ዳቦ ወደ ምሳ ዕቃዋ መለሰችው። ከፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ቀጭኗ ግን ወይ ፍንክች!

«እኔ ምን ላድርግ እታለም? የኔ ስምንተኛው ላይ ቆሞ ይናገራል። ዳኛው ፊት። ‹ይህን ቤት ከሚስቴ ጋር ነው የሠራሁት› እያለ ይመሰክርላታል።»

«ሕልም አይታ ይሆናላ» አለች ከጎናቸው የተቀመጠችው ባለመነጽሯ፣ የጎረሰችውን ሳትውጥ።

«የምን ሕልም! ዳኛው ‹ድምፅህን ከፍ አድርግ› ይለዋል እኮ። የሞተን ሰው እንደሱ ይሉታል?»

ሦስቱም ሳቁ። የእታለም ሳቅ ግን ቶሎ ከሰመ። ግንበኛው ከመወጣጫው ላይ ወድቆ የሚሞትበት የልብ ወለዱ ወረቀት የደረሰው ለእሷ ነው። ሰሞኑን ሌላ ሥራ አልነበራትም፤ እሱኑ ስታጥፍ ነው የከረመችው። ሐዘኑ ወጥቶላት አሁን ነው ምግብ መብላት የጀመረችው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል፣ ከማሽን የሚመጣው ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። እያንዳንዱ እጥፍ ከግርጌው የራሱ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዷ ሠራተኛ ደግሞ ሁለት ሦስት ቁጥር ይደርሳታል። እጅ ያጥፋል፣ የብረት ማስመሪያው ጠርዙን ሰጥ ያደርጋል፣ ዓይን ሥራ ስለሌለው ያነባል። እታለም በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ እያለች ያልነካካችው ነገር የለም፤ የንብ እርባታ መመሪያ በሉ፣ የውርስ ሕግ በሉ፣ የፍቅር ታሪክ በየዓይነቱ። ችግሩ ሁሉም ቁራጭ ቁራጭ ነው። ልጅቷ ማንን እንዳገባች ሳታውቅ የቀረችባቸው መጻሕፍት ስንት ናቸው!

መላውን የዘየደችውም ራሷ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ «ሰሞኑን ምን አነበብሽ?» ተባብለው ይጀምራሉ። ከትንሹ ቁጥር ተነስተው ሁሉም በየተራዋ የደረሳትን ትናገራለች፤ አንዷ ያቆመችበት ላይ ሌላዋ ትቀጥላለች። ስሙንም የምሳ ጥረዛ ብለውታል። ለብቻዋ ሙሉ መጽሐፍ አንብቤያለሁ የምትል አንዲትም የለች፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን የሚያመልጣቸው መስመር አልነበረም።

«አንቺስ? ሰባተኛው ላይ ምን አለሽ?» አለቻት እታለም ባለመነጽሯን።

«መጀመሪያ ላይ ሴትየዋ ጥቁር ለብሳ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ከዚያ አዲስ ምዕራፍ ይጀምርና አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። እኔማ ባሏን እንዲህ ቶሎ ረሳችው ብዬ ተቀይሜያት ነበር።»

እታለም ተነስታ ከክምሩ ላይ ስድስተኛውን አመጣች። ከመጀመሪያውም አንድ ነገር ከንክኗት ነበር። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያንሸራተተች ፈለገችና አገኘችው፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ግንበኛው ከመወጣጫው የወደቀ ዕለት፣ ፍርድ ቤት ከመሰከረ ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።› ሰማችሁ? እኔ ደግሞ የምን ፍርድ ቤት እያልኩ ዝም ብዬ አጥፋለሁ! መጀመሪያ ይመሰክራል፣ ከዚያ ነው የሚሞተው። ሁለቱ ምዕራፎች ተገለባብጠዋል።»

«ታዲያ የገጹ ቁጥር?» አለች ቀጭኗ።

«ገጹ የተቆጠረው ከተገለባበጠ በኋላ ነዋ። ምዕራፎቹ ደግሞ ርዕስ እንጂ ቁጥር የላቸውም። ካላነበቡት በስተቀር በምን ይታወቃል?»

ተያዩ። ከሦስት ሺሁ ቅጂ ስድስት መቶው ተጠርዞ፣ ሽፋን ለብሶ፣ በር አጠገብ ተደርድሯል። ምረቃው ከነገ ወዲያ ነው። ባሏ ከመሞቱ በፊት በሰጠው ቃል ቤቷን ያተረፈችው ሴት፣ እንዲህ ሆኖ ከወጣ፣ ቤቷን በሙት ምስክር ያገኘች ልትባል ነው። ደራሲዋንም ሰው ጤነኛ አይላትም። እታለም እጇን ጠራርጋ ስድስተኛ፣ ሰባተኛና ስምንተኛውን ይዛ ወጣች።

ተቆጣጣሪው በመስታወት የተከለለች ቢሮ አለችው። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። በመጣ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ «በሥራ ሰዓት ማንበብ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ማተሚያ ቤት ውስጥ! ማስታወቂያውን ልብ ብለው ያነበቡት ደግሞ እነዚያው ሦስቱ ሴቶች ናቸው።

«ምን ነበር?» አላት ቀና ሳይል።

«መጽሐፉ ተገልብጧል። ሁለት ምዕራፍ ቦታ ተለዋውጧል። ግንበኛው ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ፍርድ ቤት ይቆማል።»

ወረቀቶቹን ተቀብሎ የገጾቹን ጥግ በአውራ ጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ አንድ፣ መቶ አሥራ ሁለት። ይኸው፣ ገጹ ተከታታይ ነው።»

«ገጹስ ተከታትሏል። ሰውየው ነው ያልተከታተለው።»

መስመሩን አሳየችው። አነበበ። ሰባተኛውን አነበበ። ጆሮው ሲቀላ አየች። የመጨረሻውን ማረሚያ አይቶ «ይታተም» ብሎ የፈረመው እሱ ነው፤ ደራሲዋ ጊዜ የለም ተብላ አልተጠራችም። ይህን ጥረዛ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

«እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?»

«አንብቤ ነዋ።»

«በሥራ ሰዓት?»

«እጄ አላቆመም። የትናንቱን ቁጥሬን ይዩት፤ ከማንም አላነሰም።»

ተቆጣጣሪው ተነስቶ በሩን ዘጋው። እስካሁን እርስዎ ሲላት የቆየው ሰው ድንገት ወደ አንቺ ወረደ።

«ስሚ፣ አንቺ የተቀጠርሽው ልታጥፊ ነው። ጥረዛው ይቀጥላል። ደግሞስ ማን ያስተውለዋል? ሰው መጽሐፍ የሚገዛው መደርደሪያ ላይ ሊያቆመው ነው።»

ቁጣውን ጠብቃዋለች፤ ይህቺኛዋን ግን አልጠበቀቻትም። ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠፈችው ሁሉ፣ ወረቀት የቆራረጠው እጇ፣ ለመደርደሪያ ነው ለካ!

«አንተ አታነብም ማለት ሰው አያነብም ማለት አይደለም» አለችው። እሷም አንቱታውን አነሳችበት።

ተቆጣጣሪው መሳቢያውን ስቦ አንድ ቅጽ አወጣና ወረወረላት። «በሥራ ሰዓት ያነበብሽውን ዘርዝረሽ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ፈርመሽ አምጪ። እስከ መውጫ ካላመጣሽ ነገ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!»

«የሰሞኑን ብቻ ነው ወይስ ከመጀመሪያው?»

«ውጪ!»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፈርታለች፤ ያውም በጣም። ግድግዳውን ተደግፋ ባሏ ጋ ደወለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ማታ ማታ የቀኑን እጥፍ እሷ ትተርክለታለች።

«ግንበኛው ከመሞቱ በፊት መስክሯል» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«እሰይ! እኔ ያን ሰውዬ ዝም ብሎ አይሞትም ብዬሽ አልነበር?»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። በመጨረሻው ላይ ድምጿ ቀጠነ። «ሊያባርረኝ ነው። ቤት ኪራዩ ደግሞ አለ።»

«ቤት ኪራይማ መቼ ቀርቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ ፍሬን የሌለው መኪና ንዳ ብለውኝ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የወጣሁት ትዝ ይልሻል?»

«አራት ወር ሥራ ፈትተህ የተጣላነው!»

«እሱን ነው የምልሽ። ተጣላን እንጂ አልሞትንም። እኔን ሰበብ አድርገሽ እንዳትፈርሚ። ደግሞ የተገለበጠ ታሪክ ይዘሽልኝ እንዳትመጪ፤ አልሰማሽም።»

ሳቀች። ሳቋ ውስጥ እንባ ነበረበት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ለዝርዝሩ የተተወላት ባለነጥብ መስመር ሦስት ብቻ ነው። እታለም ጻፈች። «የንብ እርባታ፣ ከገጽ 33 እስከ 48፤ ንግሥቲቱ ስትሞት ቀፎው ምን እንደሚሆን።» «የውርስ ሕግ፣ አራተኛው እጥፍ፤ ለወንድሜ ልጅ ጠቅሞታል።» «የልጆች ሒሳብ፣ ሁለተኛ ክፍል፤ ገጽ 20 ላይ ያለው መልስ ስሕተት ነው።» መስመሩ ሲያልቅ ወደ ጀርባው ገለበጠችው። ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ አንድ ሌባ ያነበበችውን ጻፈች። እጇ እየፈጠነ፣ ልቧ እየሞቃት ሄደ። ይህን ሁሉ ማንበቧን ለካ ራሷም አታውቀውም ኖሯል።

«የኔንም ጨምሪልኝ» አለች ቀጭኗ ከትከሻዋ በላይ እያነበበች።

«አንቺ ገና ኮንትራት ነሽ፤ እጅሽን ሰብስቢ።»

«እኔስ ቋሚ ነኝ» አለች ባለመነጽሯ። እስክሪብቶውን ከእታለም እጅ ነጥቃ ከሥር ጻፈች፤ «ሰባተኛውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።» ስሟንም ፊርማዋንም አሳረፈችበት። ሙሉ ዕድሜዋን ከአለቃ ጋር ቃል ተለዋውጣ የማታውቅ ሴት ናት።

እታለም ቅጹን ስትሰጠው ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ገጽ ቆሞ አነበበ።

«ፊርማሽ የታለ?»

«ማንበቤን አምኛለሁ። ጥፋቱን ፈልጌ ስላጣሁት አልፈረምኩም።»

ይጮኻል ብላ ስትጠብቅ እሱ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። መልሶ ሲናገር ድምፁ ለስልሶ፣ አንቱታውም ተመልሶ መጥቶ ነበር።

«እታለም፣ ይቀመጡ እስቲ። እንደገና ይታተም ቢባል ወጪው እኔ ላይ ነው የሚመጣው። እኔም ቤተሰብ አለኝ። እርስዎ ይህን ነገር ይርሱት፤ እኔም ይቺን ወረቀት እቀዳታለሁ። ነገ እንደ ወትሮዎ ይመጣሉ። ከፈለጉም ያንብቡ፤ አላየሁም።»

እታለም አልተቀመጠችም። ቢጮህባት ይቀላት ነበር። ለአፍታ አዘነችለት፤ ኪራዩም በዓይኗ ላይ መጣ፤ እሺ የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ከመስታወቱ ወዲያ ባለመነጽሯና ቀጭኗ ማጠፋቸውን አቁመው ያይዋታል። በሩን ከፍታ ወጣች።

«ምን አለሽ?» አለች ቀጭኗ።

«አንደኛውን አምጪልኝ።»

ቀጭኗ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ አንደኛውን የምታጥፈው እሷ ስለሆነች ገብቷታል። የርዕሱ ገጽ ጀርባ ላይ፣ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው ከሚለው ሥር፣ የደራሲዋ ስልክ ቁጥር አለ። እታለም ቁጥሩን እያየች እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ደወለች። ተቆጣጣሪው ከመስታወቱ ኋላ ተነስቶ ቆመ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ።

«ከማተሚያ ቤቱ ነው። የአንቺን መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር፣ ልጄ።»

«አንብበውታል?» ድምጿ በደስታ ዘለለ። «ገና አልወጣም እኮ! የመጀመሪያ አንባቢዬ ነዎት ማለት ነው። እንዴት አገኙት?»

«ግንበኛውን ወድጄዋለሁ። ግን አስቀድመው ገድለውብሻል።» እታለም ምዕራፎቹን፣ ገጾቹን፣ ተጠርዞ በር ላይ የተደረደረውን ሁሉ በዝግታ ነገረቻት። ከወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ፤ ቀጥሎም ረጅም ትንፋሽ።

«አሁኑኑ እመጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው የምገባው» አለች ልጅቷ። «ከማን ሰማሽ ቢሉኝ አልናገርም፤ አይስጉ። በስልክ ከማላውቀው ሰው እላለሁ።»

እታለም ወደ መስታወቱ ተመለከተች። ተቆጣጣሪው ቅጹን በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ይዞ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ለመቅደድም ላለመቅደድም የእሷን አፍ ነው የሚጠብቀው።

«አይ፣ ንገሪያቸው» አለች፣ እሱም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እስክሪብቶ ይዘሻል? ጻፊው።»

ከዚያ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አንድ በአንድ አስጻፈቻት።