የፊት መብራቱ የደከመ ሰሞን

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ የሻይ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁላችንም አፋችን ውስጥ ያለውን እስክንውጥ ጠበቀ። ከዚያ የመኪናው የፊት መብራት መድከሙን በይፋ አስታወቀ።

“ደክሟል” አለ። “እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት እናንተን ላለማስደንገጥ ነው።”

እናቴ መመለስ አትችልም፤ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ከተዘጋ ስድስተኛ ቀኗ ነው። መብራቱ ከደከመ ደግሞ አምስተኛ ቀኑ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በቤታችን አልነበረም። ወይም ሁላችንም አስቀምጠናቸዋል፤ ጮክ ብሎ የቆጠረ ግን የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ ከቤት የምወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ባለቤቴ ሥራው ሌላ ከተማ ነው። እኔ ደግሞ መንዳት አልችልም። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጄን በማለዳው ጭጋግ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባቴ ነው። ልጄ ከኋላ ትቀመጣለች፤ እናቴ ከፊት፣ ከጎኑ። እናቴ ለምን አብራ እንደምትሄድ የጠየቀ የለም። “አየር ልቀበል” ትላለች። አየር ስትቀበል ደግሞ አፏ አያርፍም።

“ውይ፣ የሴትየዋ ካፖርት! ይቺ በግራችን ልታቋርጥ የቆመችው። ጨርቁ ሲያምር!”

“ይቺን ጉድጓድ ዛሬም አልደፈኗትም? ያቻትና፣ ከምሰሶው አለፍ ብላ።”

“ቀይ መብራት ሲበራ እኔን ምን እንደሚያስደነግጠኝ እንጃ። ይኸው አሁን ደነገጥኩ።”

አባቴ “ይህን አፍ የሚዘጋ አንድ ጀግና ይጥፋ?” ይላል። ይላልና ፍሬን ይይዛል። እኔም እናቴ ለፍላፊ ናት ብዬ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ። ለሁላችንም የተስማማ ሐሳብ ነበር።

ጀግናው በጉንፋን መልክ መጣ።

ማክሰኞ አባቴ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ አንድ ሰው እስኪያቋርጥ በትዕግሥት ጠበቀ። ሰውየው አልንቀሳቀስ ሲል በእጁ ምልክት እየሰጠ “እለፍ እንጂ ወንድሜ” አለው። በኋላ “የዘንድሮ ሰው ክብር አይወድም” ብሎ ጥሎት ሄደ። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት። ሰውየው የቆሻሻ በርሜል ነበር። እራት ላይ እንደ ቀልድ አወራነው፤ አባቴም አብሮን ሳቀ። “ጭጋግ ነበር” አለ።

ሐሙስ ግን በርሜል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ሊያቋርጥ ወጥቶ ነበር። እናቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ደበደበች፤ የልጁ እናት ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው። ልጁ ተረፈ። መኪናው ሲቆም አንድ እግር ጫማው መንገዱ ላይ፣ ከጎማው ፊት ቀርቶ ነበር። ይህን ልጄ አልነገረችኝም። እናቴ ናት ወረቀት ላይ ጽፋ የሰጠችኝ። ከታች “እንዳትናገሪው” ብላበታለች።

አልተናገርኩም። አርብ ማታ ግን ቆርጬ ተነሣሁ። ሳሎን ስገባ አባቴ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ የመኪናውን ቁልፍ በመሐረብ ይወለውላል። ከራሱ በላይ፣ ይነዳበት የነበረው የአውቶቡስ ድርጅት ጡረታ ሲወጣ የሰጠው ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ያለ አንድ አደጋ።

“አባዬ” አልኩት።

“እ?” አለ፣ ከእኔ ትንሽ ወደ ቀኝ እየተመለከተ። እዚያ ያለው መጋረጃ ነው።

“ሻይ ላምጣልህ?” አልኩት።

እንግዲህ ቅዳሜ አባቴ መብራቱን ሲወነጅል ቤቱ እፎይ አለ። ጥፋተኛው ተገኘ። “እኔም እኮ አይቼዋለሁ፣ ደብዝዟል” አልኩ፤ አፌ እንዲያ ሲል እኔም ሰማሁት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

“ዛሬውኑ ይሠራል” አለ አባቴ። “ሰኞ የልጅ ልጄን በዚህ መብራት አልጭንም።”

ሰኞ እንደሚጭናት ግን አልተጠራጠረም። እኔም ሌላ የሚጭናት ሰው አልነበረኝም።

ጋራዡ ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈሩ ሁሉ ፊውዝ ይለዋል፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። መብራቱን ዞር ዞር ብሎ አየው።

“ጋሼ፣ መስታወቱ ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል።”

“ብዬ ነበር” አለ አባቴ።

በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገው ጀመር። “ሽቦውም ቀጭን ነው። ኃይሉ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል።”

“ይህንንም ብያለሁ።”

ፊውዝ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ሳበ፤ ኃይሉን ለአምፖሉ የሚያቀብል ሪሌ አስገባ፤ አዲስ አምፖል ገጠመ። አባቴ ከጎኑ ቆሞ ያላለው ነገር አልቀረም። በመካከሉ ፊውዝ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

“እህቴ፣ ያወጣሁት አምፖል ምንም አልሆነም።”

“መስታወቱስ?”

“ትንሽ ነው። እኔ በዚያ መብራት የወደቀ መርፌ አነሣለሁ።”

“ታዲያ ለምን አትነግረውም?”

“አንቺስ?” አለኝ።

ሁለታችንም የሽቦውን ጥቅል መመልከት ጀመርን። ጥሩ ሽቦ ነበር።

ሲጨርስ ጨለም እንዲል የጋራዡን በር ዘግቶ አበራው። ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። የሸረሪት ድሩ፣ የተላጠው ቀለም፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በእርሳስ የጻፈው ስልክ ቁጥር ሳይቀር ወጣ።

“ኧረ ጉድ! ፀሐይ አስገባህበት እንዴ?” አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

“አያችሁ?” አለ አባቴ። “የኔ ጥፋት አልነበረም።”

ጥፋቱ ያንተ ነው ያለው ሰው አልነበረም።

“አሁን ማስተካከል ብቻ ነው የቀረው” አለ ፊውዝ። “ዝም ብለን ከለቀቅነው ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። ጋሼ፣ ወደ ግድግዳው ያስጠጉልኝና ልኩን በጠመኔ ላስምር። አንድ ክንድ ሲቀር ያቁሙ።”

“አንተው አስጠጋዋ” አልኩት፣ ቶሎ ብዬ።

ፊውዝ የሰው መኪና አይነዳም። አንድ ጊዜ ወደ ፊት ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ የጋራዡን ሽንት ቤት አፍርሷል። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለው፦ እሱ ያበራል፣ ባለቤቱ ይነዳል። ሕጉን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም።

አባቴ ገባ። አሮጌ ጎማ ላይ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ የተቀመጠችው እናቴ ማንም ሳይጠራት ተነሣች፤ የፊቱን በር ከፍታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

“ለአሥር ሜትር ደግሞ አየር ልትቀበዪ ነው?” አላት።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እንደዚያ የበራ ግድግዳ አይቼ አላውቅም። አምስት ሜትር ቀረ። ሦስት። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አገጩን ከፍ አድርጎ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት እንደነዳው ይነዳል። ሁለት። ጠመኔውን ይዞ ግድግዳው ሥር የቆመው ፊውዝ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወጣ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣ ነገር የለም። ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም።

“ግድግዳ” አለች እናቴ።

ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ድምጿ ሻካራ ነበር፤ በተከፈተው መስኮት ለሁላችንም ተሰማ። ቀለሙ ያምራል አላለችም። ልቤ ደነገጠ አላለችም።

መኪናው ቀጥ አለ። ሞተሩ ይንተከተካል። ፊውዝ ጠመኔውን ኪሱ ከተተ።

አባቴ በዚያ ሁሉ ብርሃን ፊት ለፊት እየተመለከተ፣ “ስንት ቀረኝ?” ብሎ ጠየቃት።

“አንድ ስንዝር” አለችው።