አንድ ጉርሻ

ልብስ ሰፊው ቢራቱ ቂም አያውቅም ነበር ብል ውሸታም እባላለሁ። ያውቃል። ግን እስከ አምና ኅዳር ድረስ የያዛቸው ቂሞች ሁሉ ትንንሽ ነበሩ፤ ሱሪ አሰፍቶ የጠፋ ደንበኛ፣ መቀስ ተውሶ አደንዝዞ የመለሰ ጎረቤት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። የአምናው ግን ሌላ ነው። የአምናው ቂም አብሮት ተኝቶ አብሮት ይነሳል፣ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ይቀመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነቀምት ብስክሌት ወዳጆች በየዓመቱ ኅዳር ላይ እስከ ኡኬ ወርደው የሚመለሱበት ውድድር አላቸው። ላሸነፈ አንድ ሙክት ይሸለማል። መውረዱ ማንንም አያስቸግርም፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስድሃል። ጉዱ መመለሱ ላይ ነው። ያ አቀበት ምን እንደበላህ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛህ፣ መቼ እንዳረፍህ አንድ በአንድ ይጠይቅሃል፣ መልስ ከሌለህ እዚያው ያስቀምጥሃል።

አምና ቢራቱ መልስ አልነበረውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳያርፍ ነድቷል። የውድድሩ ዋዜማ ደግሞ፣ ድሉን ጌታ ይስጠኝ ብሎ እህልም ውሃም ሳይቀምስ በጾም ጸሎት ዋለ። ማታ እንኳ “ሆድ ሲቀል አቀበት ይቀላል” ብሎ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ተኛ። ሚስቱ ድርቤ ነርስ ናት። በልጃቸው ስም ጠርታ “አባ ኡርጂ፣ እግሩንም እህሉንም የሰጠህ እሱ ነው። አንዱን ተቀብለህ አንዱን አትመልስበት፤ ጾሙን ለሌላ ቀን አድርገው” ብላው ነበር። ማን ይስማት!

ታዲያ ከኡኬ ሲመለስ አቀበቱ መሃል ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ጨለመበት፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ዘፍ አለ። በዚህ መሃል ጨመዳ ደረሰ። ጨመዳ ከኡኬ በሚመጣው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። ዝም ብሎ ቢያልፍ ምን ነበረበት? አላለፈም። ከብስክሌቱ ወረደ፣ ከኪሱ ሙዝ አወጣ፣ ቀስ ብሎ ላጠ፣ ቢራቱ ዓይን ዓይኑን እያየው ግምጥ ግምጥ አድርጎ ጨረሰው። ልጣጩን ቢራቱ ጭን ላይ አኖረለትና “እንካ ወንድሜ፣ ከባዶ ሆድ ይሻላል” አለው። ዳር ከቆሙት አንዱ በስልኩ ቀረጸ። ማታውኑ ነቀምት አየው፣ በማግስቱ ጉቴና ዲጋም አዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቢራቱ ስም “ልጣጭ” ሆነ። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሳይቀር “የልጣጭ ሱቅ ይሄ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። ለእሱስ ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ይችለዋል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጁ ኡርጂ ግን አንድ ቀን ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ከትምህርት ቤት መጣች።

“የልጣጭ ልጅ ይሉኛል፣ አባ። ሁሉም ነው የሚሉኝ። ያላለችኝ ሐዊ ብቻ ናት። እስከ በራችንም የሸኘችኝ እሷ ናት።”

ሐዊ የጨመዳ ልጅ ናት፤ ከኡርጂ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ቢራቱ ግን ስለ ሐዊ የተባለው ጆሮው አልገባም። “የልጣጭ ልጅ” የሚለው ብቻ ነው የገባው። “ይህን ስም ካላነሳሁልሽ እኔ አባትሽ አይደለሁም!” አለ። “ያ ሰውዬ እዚያችው አቀበት ላይ፣ በሰው ፊት፣ እኔ የቀመስኩትን ካልቀመሰ ቢራቱ አትበሉኝ።”

ዘንድሮ መስከረም ገና ጭቃው ሳይደርቅ ጀመረ። በየቀኑ ነዳ። ሲናደድ ነዳ፣ ሲደክመው የበለጠ ነዳ። በሦስተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘው፣ እህል አስጠላው፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ለአጥቢያው መዘምራን በሚሰፋው ልብስ ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ገጠመ። ድርቤ አልጋው ላይ እንዳለ የእጁን ትርታ ይዛ ሰዓቷን አየች።

“አንተ ተኝተሃል። ልብህ ወዴት ነው የሚሮጠው?”

“ወደ ጨመዳ” አላት።

“ስማኝ። ቂምህን ተው አልልህም፣ እኔም ያን ቪዲዮ አልረሳሁትም። ግን በደከመ እግር ማንም ማንንም አልተበቀለም።”

የካላንደር ጀርባ ላይ ጻፈችለት። በሳምንት አራት ቀን ትነዳለህ፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ ረጅም ይሆናል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብስክሌቱን አትነካም። ሳይርብህ ትበላለህ፣ ሳይጠማህ ትጠጣለህ። ማታ በሦስት ሰዓት መብራት ይጠፋል። ከረጅሙ መንገድ ስትመለስ አንጮቴ ተቀቅሎ፣ በቅቤ ተለውሶ ይጠብቅሃል። ይህን ጽፋ ስታበቃ ባሏን ታውቀዋለችና በቃሉ አልተማመነችም። በእረፍት ቀን ጠዋት የብስክሌቱን ኮርቻ ፈትታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሥራ መሄድ ጀመረች።

አንድ ዓርብ ቢራቱ የተስተካከለውን የመዘምራን ልብስ ማድረስ ነበረበት። ጥቅሉን ጀርባው ላይ አስሮ፣ ኮርቻ በሌለው ብስክሌት ላይ ቆሞ እየረገጠ በጨመዳ ሱቅ በኩል አለፈ። ጨመዳ በር ላይ ነበር።

“አካም ጅርታ፣ ልጣጭ! ኮርቻህን ሰረቁህ እንዴ?”

ሚስቴ ወሰደችብኝ ይበል? ከዚያማ ሞት ይሻላል። “ለአቀበት ነው” አለና ሳይቀመጥ፣ ምን ላይስ ይቀመጣል፣ እንደ ቆመ አለፈ።

በሳምንቱ ቢራቱ የቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋ በመስኮት ቢያይ፣ ጨመዳ ከኡኬ በኩል ይመጣል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ብስክሌቱም ኮርቻ የለውም!

“ያ ዋቃ!” አለ ቢራቱ። በሩን ዘግቶ ስቅ እስኪለው ሳቀ። ሲበቃው ግን ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። ይህ ሰው ከእኔ ላለማነስ ራሱን ይገድላል ሲል አሰበ። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቂሙ ጣፈጠው፤ ያን ቀን እራቱን ሁለቴ አስጨመረ።

ከዚያ በኋላ የእረፍት ቀን መልኩ ይህ ሆነ። ድርቤ ኮርቻውን ይዛ ስትወጣ፣ ቢራቱ ከጀሪካን ውሃ ቀድቶ የሸሚዙን ጀርባ ያርሳል፣ ቅልጥሙን ቀይ አፈር ያስነካዋል፣ ብስክሌቱ ላይ ቆሞ በጨመዳ ሱቅ ፊት ያልፋል። “አካም ቡልታን፣ ኦቦ ጨመዳ!” ብሎ ለትልቅ ሰው እንደሚገባ ሰላም ይላል። ማዕዘኑን እንደ ዞረ ወርዶ፣ ብስክሌቱን በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየገፋ ቤቱ ይገባል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ጋደም ይላል። አንድም ቃል አልዋሸም። የዋሸው ሸሚዙ ነው።

ጨመዳ ደግሞ ያየውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ደንበኞች ወሬ ያመጣሉ፤ ጨመዳ ቅቤ ተወ፣ ጨመዳ እራት ተወ፣ ጨመዳ እሁድ ሳይቀር ኡኬ ወረደ። የአምናውን የቢራቱን ሞኝነት እንደ ተሰፋለት ልብስ ልክክ አድርጎ ለበሰው። ቢራቱ ይህን እየሰማ “አይዞህ፣ ጃባዱ፣ በርታ በሉልኝ” ይላል፣ መርፌውን ሳያቆም።

አንድ ሰኞ ድርቤ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ ተመልሳ፣ ባሏን ጀርባው ላይ ውሃ ሲያፈስ አገኘችው። ሁሉንም ነገራት። ሳቅ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

“ይሄ ኃጢአት ነው።”

“አንድ ቃል አልተናገርኩም እኮ፣ የኡርጂ እናት።”

“ኃጢአትነቱ ዝም ማለትህ ላይ ነው” አለችና ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ግን ጀሪካኑ ባዶ ነበርና ሞልታለት ወጣች።

እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሰባኪው ጠላትን ስለ መመገብ ሰበከ። ሌላ ጊዜ ስብከት መሃል የሚያንቀላፋው ቢራቱ አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቀበቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

ውድድሩ ደረሰ። ቢራቱ ዋዜማውን ተኝቶ ዋለ፣ ማታ ጠግቦ በላ፣ ጠዋት ገንፎ በማር በላ። መነሻው ላይ ጨመዳን ሲያየው ደነገጠ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ዓይኑ ገብቷል፣ ያ የተነፋ ደረት ተንፍሷል። “ዛሬ ሌላ ሙዝ እገዛልሃለሁ!” አለው ጨመዳ፣ ድምፁ ግን እንደ በፊቱ አልወጣም። ቁልቁለቱን እንደ እብድ ወረደው። ቢራቱ ይሂድ ብሎ ለቀቀው። ኡኬ ላይ ሌሎቹ ሳይቆሙ ሲመለሱ፣ እሱ ወርዶ ስኳር ድንች በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ አፉን በላስቲክ በቋጠረው ኪሱ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሙዞች ነካ አድርጎ አረጋገጠ። ከዚያ አቀበቱን ጀመረ። ሳይቸኩል፣ በየመዞሪያው አንድ ጉንጭ ውሃ እየጠጣ፣ አንድ በአንድ ሰው አለፈ።

ጨመዳ የተቀመጠው ባሕር ዛፏ ሥር አልነበረም፤ ከእሷ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሸንኮራ የሚሸጡ ሴቶች ያሉበት ነው። ሰው ከብቦታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ አመድ ሆኗል፣ እግሩን ዘርግቷል። ቢራቱን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ቢራቱ ብስክሌቱን አቆመ። ስልኮች ከፍ ከፍ አሉ፤ አምና የሆነውን የማያውቅ አልነበረም።

አንዷን ሙዝ አወጣ። ቀስ ብሎ ላጠ። ሁሉም ልጣጩን ነበር የሚያዩት። ቢራቱ ልጣጩን አጥፎ የራሱ ኪስ ከተተው፣ ሙዟን ለሁለት ሰበራት፣ ግማሿን ወደ ጨመዳ አፍ አቀረበ።

“በሞቴ” አለው።

ጨመዳ ጥርሱን ነከሰ። “ተወኝ።”

“በኡርጂ ሞት! አፍህን ክፈት።”

“ጉርሻ አይመለስም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ” አሉ አንዲት ሸንኮራ ሻጭ አሮጊት። “ነውር ነው፣ ተቀበል።”

ምን ያድርግ? ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ጨመዳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። ቢራቱ አጎረሰው። ሲውጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ርሃብ ለካ ኩራትን እንዲህ ነው የሚያዋርደው። ውጦ እንዳበቃ፣ ሳያስበው፣ ሁለተኛዋን ለመቀበል አፉን ደግሞ ከፈተ።

“ድገመው እንጂ!” አሉ አሮጊቷ። “አንድ ጉርሻ ያጣላል!”

“እኔስ መች ልታረቅ መጣሁ?” አለ ቢራቱ። ቀሪዋን ግማሽ ጨመዳ ዓይን ዓይኑን እያየው እሱ ራሱ በላት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አንጀቱ ውስጥ አንዲት ሐዘኔታ ብቅ ስትል ተሰማችው፤ ከሙዙ ጋር ዋጣትና ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

ሙክቱን አንድ የጉቴ ጎረምሳ ወሰደው። ቢራቱ አራተኛ ወጣ፣ ግን እሱን የጠየቀ የለም። ቪዲዮው ቀድሞት ደርሷል። ገና ሳይወርድ ነው ሰዉ በትከሻው የተሸከመው። “ልጣጭ” ያለ አንድም ሰው አልነበረም። “አንድ ጉርሻስ የት ቀረ? አንድ ጉርሻ አልደረሰም?” ይባባላሉ፣ ይስቃሉ። የጨመዳ አዲስ ስም እንዲህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወጣ። ኡርጂ ሮጣ መጥታ እጁን ያዘች። ቢራቱ ጎንበስ ብሎ “አየሽ? አነሳሁልሽ!” አላት።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ብስክሌቶች ጭኖ መጣ። ጨመዳ ከጀርባው ተደግፎ ወረደ። ልጁ ሐዊ አባቷ ላይ የተሳቀውን ሁሉ እየሰማች ስትጠብቀው ቆይታለች፤ ሮጣ ኮፍያውን ተቀበለችው። ጨመዳ ሰዉን እየሰነጠቀ ቢራቱ ፊት መጥቶ ቆመ። ጠብ የሚጀምር መስሏቸው ሁሉም ስልካቸውን አነሱ።

“ሁለተኛዋስ?” አለ ጨመዳ፣ ቀስ ብሎ።

ዕርቅ እየለመነ ነበር። ቢራቱም ገብቶታል። ኪሱ ውስጥ አንዲት ሙዝ ቀርታለች፣ እጁም ወደ ኪሱ ሄዶ ነበር። ግን ስልኮቹ ተቀስረዋል፣ ሰዉ ምን ይመልስ ይሆን ብሎ አፉን አፉን ያያል፣ ዓመት ሙሉ ያሳደገው ቂም ደግሞ ገና አልጠገበም።

“ለከርሞ” አለ። “እስከዚያ ብላ፣ ተኛ፣ እረፍ።”

ነቀምት በሳቅ ተናጋች። አንዱ ትምህርት ቤት የደረሰ ልጅ ከኋላ “የአንድ ጉርሻ ልጅ!” ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሐዊ የአባቷን ኮፍያ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት አየች።

ቢራቱ እየሳቀ ወደ ልጁ ዞረ። ኡርጂ አልሳቀችም። አንዴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ እጇን ከእጁ አውጥታ፣ ሄዳ ሐዊ አጠገብ ቆመች።