ቀጥ ያለው ክር

«ልብስ ሰፊው ጃርት» የሚባለውን የካርቱን ፊልም ያላየ ሰው ልጅነቱ አምልጦታል፣ አራት ነጥብ። ከገዛ ጀርባው እሾህ እየነቀለ በመርፌነት የሚሰፋ፣ ለዝሆን ሱሪ ለጉንዳን ኮት የሚለካ፣ ነጭናጫ ግን ልቡ ገር የሆነ ጃርት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የሰፈር ልጅ ሁሉ ተደራርቦ የሚያየው እሱን ነው።

ያንን ጃርት አሁን ምስሉን አጥርተው፣ ለትልልቆቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች እንዲሆን አድርገው፣ በዲስክ ሊያወጡት ሆነ። ሥራው የደረሰው አንዲት ጠባብ መሥሪያ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር፣ የፊልሙን ጥቅል ምስል በምስል እያነበበ የሚያስገባ አንድ ግዙፍ ማሽን፣ እና ከመንኳኳት በቀር ሌላ ሙያ የሌለው አየር ማቀዝቀዣ አለ። እዚያ የምትሠራው ሴት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሌላ ስም አላት፤ አባቷ ግን አርባ ዓመት አልፏትም «ሚጣ» ነው የሚላት። እኛም እንደሱ እንበላት።

አለቃዋ ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ሲል «በሞትኩት፣ ለኔ!» ብላ የወሰደችው ሚጣ ናት። ምክንያቱም የጃርቱን መስመር ያሰመረው አባቷ ነው። ያን ጊዜ አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ሠዓሊው በእርሳስ ይነድፋል፤ ከዚያ ሌላ ሰው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ንድፉ ላይ አንጥፎ በቀለም ብዕር ያሰምረዋል። ለአንዲት ሰከንድ ፊልም ደርዘን ፕላስቲክ ያልቃል። በዚህ ሙያ አባቷን የሚያህል አልነበረም። ባልደረቦቹ «ማስመሪያው» ነበር የሚሉት። ስሙ ግን በፊልሙ መጨረሻ ላይ የለም፤ የመስመር አስማሪ ስም ደግሞ ማን ይጽፋል!

አሁን ማስመሪያው አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሐኪምም ክኒን አዞለታል። እሱ «የእርጅና ነው፣ በቅርብ የመጣብኝ ነው» ባይ ነው። ሚጣ የፈለገችው ዓይኑ ሳይደክም በፊት የዚያን ዘመን እጁን ጥርት ብሎ እንዲያየው ነበር። ላስታርቀው ብላም አስባለች፤ ከራሱ ጋር ይሁን ከሷ ጋር እሷም አልለየችውም።

ነገሩ የቆየ ነው። ሚጣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ማስመሪያው አንድ ቀን ብዕሩን የአለቃው ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ ወጣ። ቤት ገብቶ ለሚስቱ «ሰደብኳቸው፣ ወጣሁ፣ ደግሜ አልረግጠውም» አላት። ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ዘመድ አዝማድ ሰበሰበችበት። እሱ ወይ ፍንክች! የመጋዘን በር ጠባቂ ሆነና እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ መቆም ጀመረ። ሰላም ለሚለው ሰው እንኳን እጁን አያወጣም፣ በአንገቱ ብቻ። «ምን ያኮራዋል? የሚጠብቀው የሰው ሲሚንቶ!» ይሉ ነበር ጎረቤቶቹ። ሚስቱ ቻለች፣ ቻለችና በመጨረሻ «ኩራቱን ይብላ!» ብላ ሚጣን ይዛ እህቷ ቤት ገባች። በዚያው ቀረች። ሚጣም ያደገችው የእናቷ ወገን ሆና፣ አባቷን በስንት ጊዜ አንዴ እየጠየቀች ነው። እናቷ ከሞተች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። እስክትሞት ድረስ የባሏ ነገር ከተነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ነበር የምታዞረው።

እንግዲህ ሚጣ ሥራውን ጀመረች። ኧረ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች! አቧራው ሲጠረግ፣ ጭረቱ ሲሞላ፣ የገረጣው ቀለም ሲመለስ፣ ያ መስመር ብቅ አለ። እሾሁ አንድ በአንድ የተሰመረ ነው፤ ሥሩ ላይ ወፈር፣ ጫፉ ላይ ሹል።

«ወይ እጅ! ይባረክ!» አለች ጮክ ብላ።

ከጎኗ የሚሠራው ድምፅ አስተካካይ ማዳመጫውን አውልቆ «ምነው፣ ሎተሪ ወጣልሽ?» አላት።

«የአባቴ እጅ ነው፣ ና እየው!» ብላ ወንበሩን ጎትታ አስቀመጠችው። እሱም አይቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ በአድናቆት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የተሠሩት ክፍሎች ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። እሾሁ ጫፍ ላይ ትንሽ ሞገድ አለ። ፊልሙ ተሸብሽቦ ነው ብላ እንደገና ማሽኑ ውስጥ አስገባችው፤ ያው ነው። ከጃርቱ ኋላ ያለው፣ ሌላ ሰው የሣለው ግድግዳ ቀጥ ብሏል፣ በሩም ቀጥ ብሏል፤ የሚንቀጠቀጠው የጃርቱ መስመር ብቻ ነው። ክፍል በክፍል እየባሰ ሄደ። የድሮው ቴሌቪዥን በደብዛዛነቱ ሸፍኖት የኖረውን፣ ይሄ ጥራት የሚሉት ነገር አንድ ሳያስቀር አወጣው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ጃርቱ ካፖርት ለበሰ። ልጅ ሁሉ ያበደለት ካፖርት! ሚጣም አልቅሳ እናቷ ሰፍታላታለች። አባቷ ስለዚያ ካፖርት ሲነሳ «ሐሳቡ የኔ ነበር» ይል ነበር። ሚጣ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ምስሉን ፈዝዛ አየችው። ካፖርት የለበሰ ጃርት እሾሁ አይታይም። የማይታይ እሾህ ደግሞ አይሰመርም።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባት። ለካ እጁ ከድቶታል! ለካ ብዕሩን የወረወረው ኩራት ይዞት አይደለም። በዚያ ሙያ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠጪ ይባላል እንጂ ታማሚ የሚለው የለም፤ ከሚባረር ተሳድቦ መውጣትን መረጠ። ኪሱ ውስጥ የኖረው እጅም፣ በአንገት ብቻ የሚሰጠው ሰላምታም ከዚሁ የመጣ ነው። እናቷ ታወሰቻት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ሚጣ መፀዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና እስኪወጣላት አለቀሰች። አሁን ማወቅ ምን ያደርጋል? ለማንስ ይነገራል? ልንገራት ብትል እናቷ የለች!

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ግን የቆረጠችው አንድ ነገር ነበር። አባቷ ይሄን ማየት የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ገመናውን፣ በገዛ ልጁ እጅ፣ ያውም ግድግዳ በሚያህል ስክሪን! በጭራሽ።

አለቃዋ ዘንድ ገብታ «መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ላቅናው» አለችው።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፣ ጥድፊያ የበዛበት እንጂ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየና «ተዪው በናትሽ። የተባልነው አቧራና ጭረት ነው። ይሄን ማን ያየዋል?» አላት።

«የሚያየው አንድ ሰው አለ።»

«እንግዲያውስ ማለስለሻውን ጫኚበትና ገላግዪን።»

ማለስለሻ የተባለው ፕሮግራም እሾሁን አቅልጦ የጃርቱን ጀርባ ሳሙና አስመሰለው። ስለዚህ ሥራውን በእጇ ያዘችው። የምሳ ሰዓቷን፣ የዕረፍት ቀኗን ሁሉ ሰጥታ፣ የአባቷን ጤነኛ መስመር ከጎን ከፍታ እያየች፣ በኮምፒውተር ብዕር እያንዳንዱን እሾህ አቀናች። ድምፅ አስተካካዩ «አንቺ ሴትዮ፣ ጃርቱን ልታገቢው ነው እንዴ?» እያለ ዳቦ በእንቁላል ያመጣላት ነበር። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ክፍል ነው። ጃርቱ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ አንድ ክር ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ይወጠራል። ያ ክር ነፋስ እንደመታው ይርገበገብ ነበር፤ ሚጣ ወጥራ ቀጥ አደረገችው። አስረከበች፣ መሥሪያ ቤቱም ወደ ዲስክ ማባዣው ፋብሪካ ላከው።

እሁድ ከሰዓት ቅጂውን ይዛ አባቷ ቤት ሄደች። አንድ ክፍል ቤት ናት፣ ጽድት ያለች። ሻይ ለሷም ለራሱም በግማሽ ኩባያ ብቻ ቀዳ። ድሮ ይሄ ንፉግነት ይመስላት ነበር።

«ከሳሽ ደግሞ!» አላት። «መሥሪያ ቤታችሁ እህል አይበላም?»

«አንተስ? ክኒንህን ዋጥክ?»

«ክኒኑ ነው እንጂ እኔን የዋጠኝ።»

የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተችለት። ማስመሪያው ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አፉን ከፍቶ አየ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። «እንዴ! እንዲህ ነበርኩ?»

«አንተ ነህ አባዬ፣ አንተ!»

ሳቀ። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሚጣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም፤ ልፋቷ ሁሉ ተከፈላት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

«በይ የመጨረሻውን አሳዪኝ» አላት።

«ምን ያስቸኩልሃል? ተራ በተራ እንየው።»

«የመጨረሻውን ነው ያልኩሽ ሚጣ።»

ከፈተችው። እሱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ፣ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ጠበቀ። ክሩ መጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ አለፈ።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይሄን እኔ አልሠራሁትም» አለ።

«ያንተ ነው እኮ!»

«ሚጣ፣ ይሄ ክር ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንት ፕላስቲክ እንዳበላሸሁበት እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ቀጥ ካለ፣ አይተሽው አቅንተሽዋል ማለት ነው።»

አያችሁልኝ ሥራዋን! ሸፈንኩለት ብላ ገለጠችበት። እንደነበረ ብትተወው የዓይን ድካም ነው፣ ቴሌቪዥኑ ነው ተባብለው ሁለቱም ያልፉት ነበር። ሚጣ ልትዋሽ አስባ ተወችው።

«ለእናቴ ለምን አልነገርካትም?» አለችው።

«ብነግራት ትቀመጥ ነበራ!» አለ፣ እንደሚቆጣ ሰው። «እናትሽ ታማሚ ጥላ የምትሄድ ሴት ነበረች? ያኔ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ቶሎ ይብስብሃል፣ ማንኪያ እንኳን መያዝ ያቅትሃል አለኝ። እሷ ገና ልጅ ነበረች። እኔን እያጎረሰች ታርጅ? ተናዳብኝ ትሂድ አልኩ። ንዴት ይወጣላታል፣ ሌላ ታገባለች ብዬ።»

«አላገባችም እኮ አባዬ።»

«አላገባችም» አለ። «እሱን አላሰብኩትም።»

ኩባያውን ሊያነሳ ሞክሮ መልሶ አስቀመጠው።

«ሐኪሙም ተሳሳተ» አለ ዝግ ብሎ። «ያ ይመጣል ያለኝ ነገር ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ነው የመጣው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በራሴ እጅ በላሁ። ብቻዬን።»

«አንድ ቀን እንኳን አባብሎኝ ቢሆን» ትል ነበር እናቷ፤ ሚጣ ይሄን ልትነግረው አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«መልሺው» አላት።

«ምኑን?»

«መንቀጥቀጡን። የምደብቀው ከሷ ነበር። አሁን ማን አለኝ ብዬ ነው የምደብቀው? እንደነበረ አድርጊው። ያ እጄ ነው።»

«አባዬ፣ ተልኳል» አለችው። «ታትሟል። በሚመጣው ሳምንት ሱቅ ይገባል።»

ማስመሪያው ራሱን ነቀነቀ።

«ይሁን። ቆንጆ አድርገሽ ነው የሠራሽው። እጅሽ ጥሩ ነው» አለ። «እስቲ ክሩን አንዴ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። ምስሉን አቁሚው አላት፣ አቆመችው። ተነስቶ ስክሪኑ ዘንድ ቀረበና በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ቀጥ ያለውን ክር ከጫፉ ጀምሮ ይከተለው ገባ።

«እዚህ ጋ ወደ ታች ወርዶብኝ ነበር» አለ። «እዚህ ጋ ደግሞ ተሰበረ። ያን ቀን እናትሽ ምሳ ይዛልኝ መጥታ፣ ከኋላዬ ቆማ እያየችኝ ነበር። አላወቀችም።»

«አዎ አባዬ» አለች ሚጣ፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «እዚያ ጋ ተሰብሮ ነበር። አይቼዋለሁ።»