እትዬ አይለፍ የመረመረቻት ትንሽ መኪና

ሾፌሮች በሌለችበት «እትዬ አይለፍ» ይሏታል። በመኪና ምርመራ ጣቢያው ሁለተኛ መስመር ላይ ቆማ የተላጨ ጎማ፣ የላላ ቀበቶ፣ አንድ ዓይና መብራት ይዞ የመጣውን ሁሉ ስትመልስ የኖረች ሴት ናትና እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ከሰልፉ ፊት የቆመችውን ትንሿን ሰማያዊ መኪና ስታይ ልቧ ቀጥ አለ። በትዳሯ ዘመን ሁሉ የነዳቻት መኪና ናት። መሪው ላይ የተቀመጠችው ደግሞ ልብስ ሰፊዋ፣ የቀድሞ ባሏ አዲሲቱ ሚስት።

ኧረ ጉድ ነው! ስንት የምርመራ ጣቢያ ሞልቶ፣ እዚሁ ጣቢያ ውስጥ እንኳ ሌላ መስመር እያለ፣ ምን ቆርጧት እዚህ መጣች?

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከመኪናው ወርዳ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

እትዬ ብሎ ነገር! ብትበልጣት ስንት ዓመት ልትበልጣት ነው? «ቁልፉን ስጪኝ» አለቻት በደረቁ።

ገብታ ስትቀመጥ ገና አንጀቷ አረረ። በእሷ ጊዜ የሾፌሩ በር መስታወት አይወርድም ነበር። «አሠራልኝ» ስትለው «ቅዳሜ» እያለ በጋውን ሁሉ በላብ ያሳለፋት ሰውዬ፣ ለዚች አሠርቶላታል። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል። ቀበቶው «ቀጭ» ብሎ ይገባል። የዝናብ መጥረጊያው እንኳ ተቀይሯል! እሷ እኮ በዚችው መኪና፣ በተላጨ ጎማ፣ በዝናብ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ልትገባ ለትንሽ ነው የተረፈችው። የዚያን ዕለት ማታ ብትነግረው ምን አላት? «አንቺ ራስሽ መርማሪ አይደለሽ፤ ምን ትሆኛለሽ?»

ቀናች። አዎ ቀናች፤ ምን ይደበቃል? «ዛሬስ ሳልጥልሽ አልቀርም» ብላ በልቧ ማለች።

ሰው አዘውትሮ የሚወድቅበትን ሁሉ ፈተሸች። የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ ያበራል። ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ የኋላ መብራቱ ይሠራል። የጎማው ጥርስ ገና አልተበላም። ጭሱ ንጹሕ ነው። ፍሬን መለኪያው ማሽን ላይ ብታወጣት ግራና ቀኟ እኩል ያዘ። የእጅ ፍሬኑስ? በእሷ ጊዜ ዳገት ላይ ድንጋይ ካልደገፉበት የማይቆመው የእጅ ፍሬን፣ ችክ አለ! እንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ከአዲስ በምን ታንሳለች? ምነው ያኔ እንዲህ ብትሆን!

እልህ ያዛት። ልብስ ሰፊዋን መሪው ላይ አስቀምጣ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ ከመኪናዋ ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ወረደች። ለሌላ መኪና ሰጥታ የማታውቀውን ጊዜ ሰጠቻት፤ ከኋላ የተሰለፉት ክላክሳቸውን ቢያንጫርሩም ጉዳይዋ አልሆነም።

«መሪውን ወደ ቀኝ ጨርሰሽ አዙሪ!» ብላ ጮኸች። «እሺ፣ አሁን ወደ ግራ!»

ያኔ አየችው። የፊተኛው ጎማ ጨርሶ ሲዞር፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን ቱቦ ከውስጥ በኩል ይፈትገዋል። ቱቦው ተልጦ ክሩ ይታያል።

ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። እውነት ነው ወይስ ቅናቷ ነው የሚያሳያት? ማሽኑ ያሳለፋትን መኪና ብትጥል ጣቢያው ሙሉ «የጣውንቷን መኪና ጣለች» ሊላት ነው። «አታዳላም» የተባለላት ስሟ በአንድ ቱቦ ምክንያት ገደል ሊገባ ነው። ብታሳልፋትስ? አንድ ቀን ፍሬኑ እምቢ ሲል ያቺ ሴት ምን ትሆናለች?

ጭስ መለኪያው ላይ የሚሠራውን፣ ነገር የማይወደውን አዛውንት ባልደረባዋን ጠራችው። ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን አከከ።

«ዘይት አያፈስም እኮ። ተይው እባክሽ፤ ሰው አፍ አትግቢ» አላት።

«ፍሬን ርገጪ!» አለች ወደ ላይ። «በደንብ ርገጪ!»

ልብስ ሰፊዋ ረገጠች። ቱቦው አበጠ፤ ከተላጠው ቦታ አንዲት የዘይት ጠብታ ብቅ አለች። አዛውንቱ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከጉድጓዱ ወጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች «ወድቀሻል» አለቻት። «እየነዳሽም ከዚህ አትወጪም። የፍሬን ቱቦሽ ሊፈነዳ ነው።» ስድብ እየጠበቀች ነበር፤ መልሱንም አሰናድታለች።

ልብስ ሰፊዋ ግን በረጅሙ ተነፈሰች። «ተመስገን! እሱም የፈለገው ይኼንኑ ነው።»

«ምኑን ነው የፈለገው?»

«እኔማ በግድ ነው የመጣሁት እትዬ፤ አፍሬ ልሞት ነበር። እሱ ነው የላከኝ። ‹ሌላው ጋ ብትሄጂ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ያሳልፍሻል። እሷ ግን በአንቺ ንዴት እያንዳንዷን ብሎን ሳትነካ አትለቅሽም። ከእሷ እጅ ካለፍሽ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል› አለኝ።»

በእሷ ጊዜ ትራሱን አቅፎ ሲያንኮራፋ የሚያድር ሰው ነበር። አሁን ለሌላዋ እንቅልፍ አጥቶ፣ የእሷን ቅናት ሳይቀር አስልቶ ሥራ ላይ አዋለው።

መኪናዋ ተገፍታ ዳር ከቆመች በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የሰውየው ድምፅ አጠገቧ ለቆመችው መርማሪ ጥርት ብሎ ተሰማት።

«አገኘች አይደል?» አለ፣ ሰላም ሳይል።

«የፍሬን ቱቦ ነው። እንዳትነጂ ብላኛለች።»

«እንዳትነጂ! እዚያው ቁሚ፣ መጣሁልሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝግ አድርጎ «እግዜር ይስጣት በያት» አለ።

ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ! መርማሪዋ ፊቷን ወደ ሰልፉ አዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ የሚቀጥለው መኪና ታርጋ አልነበብ አላት።

«ቀጣይ!» ብላ ጮኸች።