ድምፅ ያልገባለት ሰርግ

«አይዘልቅም፣ እኔን ስሙኝ» አሉ አቶ ነገራ፣ ንፍሮውን ከመዳፋቸው ላይ እየለቀሙ። «መድረክ ሌላ፣ ፊልም ሌላ። ሞረዳ መድረክ ላይ ሲዘፍን የግንባሩን ላብ ሳይቀር እናይ ነበር። ጨርቅ ላይ ለሚታይ ሰው የማን አንጀት ይላወሳል?»

«ለህንድ ፊልሞቹስ አልቅሳችሁ የለም እንዴ?» አለ ዓምደሚካኤል። የማዘጋጃ ቤቱን የፊልም ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ስለሆነ ስለ ፊልም በተነሳ ቁጥር የመጨረሻውን ቃል መናገር ይወዳል። «ቋንቋቸውን ሳይሰማ ጋቢው እስኪርስ የሚያነባ ሕዝብ የገዛ ልጁን ሲያይማ! ከሲሬ፣ ከኑኑ ቁምባ በጭነት መኪና ይመጣል። የአዳራሹን በር ገንጥለው ነው የሚገቡት።»

«ወይ አንተ! ሰው ሞቶ ስለ በር ታወራለህ?»

ሸዋጌጥ ከዳሱ ጋር በሚዋሰነው ክፍል፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የጭቃ ግድግዳ ወሬ አያስቀርም። ባሏን ሞረዳን ከቀበሩ ወዲህ ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ ሌላ ጨዋታ የላቸውም፤ ፊልሙ ይሳካል፣ አይሳካም ነው። አንዱ ጃንሆይ ሳይቀሩ ያዩታል ይላል፣ ሌላው ሁለት ቀን ታይቶ ሣጥን ውስጥ ይገባል ይላል። እሷ የምታውቀውን ግን አንዳቸውም አያውቁም። ፊልሙ አላለቀም። ሙሽራዋ አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ የላትም። ድምፅ ያጣችውም ሸዋጌጥ አልሰጥም ስላለች ነው።

ይውደቅ፣ አለች በሆዷ። ድራሹ ይጥፋ።

ሐዘን ያለበት ሰው አይቀናም የሚል ካለ ሸዋጌጥን መጥቶ ይጠይቃት። ባሏን ቀብራ እንኳ ቅናቷ አልተቀበረም። ሰው «እህህ» ስትል ሰምቶ ለሞረዳ ነው ይላል። ለሞረዳም ነው። ግማሹ ግን ፊልሙ ላይ ሙሽራ ለሆነችው ልጅ ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሞረዳ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ በአራት ድምፅ መዝሙር ሲዘመር እየሰማ ያደገ፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የሙዚቃ አስተማሪ። እሷ ደግሞ አባቷ ከሸዋ ተሹመው የመጡ፣ በማርያም ደጅ ያደገች። «የኡኬ ሙሽራ» የሚለውን የዘፈን ቴአትር እሱ ደረሰው፣ ሁለቱ ተጫወቱት። መርጋ የሚባል የኡኬ መንደር ጎረምሳ በሰርጉ ማግስት ዴዴሳን ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ክረምት ይገባል፣ ወንዙ ይሞላል። ሙሽራዋ ዳር ቆማ ትጠብቀዋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዘፈን ነው። በጃንሆይ የልደት በዓል መጀመሪያ ሲታይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር። የሁለቱ ቤተሰቦች በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ይጋቡ ብለው ሲነታረኩ፣ እነሱ መድረክ ላይ ደጋግመው ተጋብተው ጨርሰዋል።

ከዚያ ባለ ካሜራው ከአዲስ አበባ መጣ። ቴአትሩን አይቶ እየዘለለ አጨበጨበ። በማግስቱ ሸዋጌጥን ፀሐይ ላይ አቁሞ በመሣሪያው አያት፣ ጠጋ ብሎም አያት፣ ከዚያ ሞረዳን ወደ ጎን ጠራው። በሕፃንነቷ ፈንጣጣ ይዟት ፊቷ ላይ ጠባሳ ትቷል። በማሾ መብራት፣ ከሩቅ፣ ማንም አያየውም ነበር።

«ካሜራው በጣም ይቀርባል አለኝ» አላት ሞረዳ ማታ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

«አንተስ አትቀርብም? አንተ ስትቀርብ ምን አየህ?»

«ሸዋዬ፣ እንቢ ካልኩ እኮ ፊልሙ ይቀራል።»

«ይቅር!»

አልቀረም። ጸሐይወርቅ የምትባል፣ ፊቷ እንደ ታጠበ ሲኒ የጠራ የአዲስ አበባ ልጅ መጣች። ሸዋጌጥ አንድ ቀን ብቻ ዴዴሳ ወርዳ ሲሠሩ አየቻቸው። ሞረዳ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ ገልጦ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ የእሷ ነበር። መድረክ ላይም የእሷ፣ ቤትም የእሷ። ምሳቸውን በላስቲክ እንደ ቋጠረች ዛፍ ሥር አስቀምጣ በመጀመሪያው መኪና ተመለሰች።

ልጅቷ ፊት እንጂ ጉሮሮ እንደሌላት የታወቀው በኋላ ነው። ሞረዳ ድምፅሽን ስጪያት ብሎ ለመናት። «ፊቴን ተጸይፈው ድምፄን ወደዱት? በእኔ ጉሮሮ ልታቆላምጥህ ነው? ከእኔው ጋር ይቀበራል እንጂ አልሰጥም!» አለችው። አልተቆጣም። ትንሽ ቆይቶ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ። የዴዴሳ ወባ ነበር። ከዚያ አልጋ አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እንደ ገባ፣ ከአጥር ውጭ ጩኸት ተሰማ። ቀብር ያልደረሰ ለቀስተኛ የሟቹን ስም እየጠራ ይገባል፤ ቤተኛውም ተነስቶ አብሮት እንደ አዲስ ያለቅሳል፣ ደንቡ ነው። ዳሱ ሙሉ ሰው ብድግ አለ። ሊያለቅስ አፉን እንደ ከፈተ ግን ግራ ገባው።

«መርጋ! ኧረ መርጋዬ! የት ሄድክ መርጋ!»

«የቱ መርጋ?» አሉ አቶ ነገራ። «የቆዳ ነጋዴው መርጋ ሞተ እንዴ?»

«ጠዋት ቆዳ ሲያስጭን አይቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነ!» አለች አንዲት ጎረቤት ደንግጣ። «ቤት ተሳስታ ነው፣ አስወጧት!»

ሸዋጌጥ ግን ድምፁንም ስሙንም አወቀች። ልጅቷ ሞረዳን በፊልሙ ስም እየጠራች ነው የምታለቅሰው። ሌላ ስም የምታውቅለትም አይመስልም። መድረክ ላይ «መርጋ» እያለ ስንት ጊዜ የጠራው የሸዋጌጥ አፍ ነው፤ አሁን ይኸው ስሙንም ወሰደችው። ደሟ ፈላ። ቤቱ ሁሉ ቆሞ ሳለ እሷ ከፍራሹ ንቅንቅ አላለችም።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰው እያየሽ ነው» አለቻት የሞረዳ እህት ደራርቱ በጆሮዋ።

«ይየኝ።»

ጸሐይወርቅ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ገባች። ያ የጠራ ፊት የለም። ጉንጮቿ ገብተዋል፣ ዓይኖቿ ቢጫ ናቸው፣ በሻሿ ጠርዝ የሚታየው ፀጉሯ ሳስቷል።

«እሷንም ወባው ጥሏት ነበር አሉ» አለች ደራርቱ። «እግዜር አተረፋት።»

ይህም ሸዋጌጥን አቃጠላት። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ላቡን ስትጠርግለት የሰነበተችው እሷ ሳለች፣ ሞረዳ በሽታውን እንኳ የተካፈለው ከዚያች ጋር ኖሯል። እንዲህ ማሰቧ ራሷን አሳፈራት፤ ማሰቡን ግን አልተወችውም።

ለቅሶው በረድ ሲል አማቷ፣ የሞረዳ እናት፣ ልጅቷን በር ሥር አስቀምጠው ራሷን ዳበሱ። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ኢንተለ ኮ። እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሏት። ሸዋጌጥ የእኔን ማጽናኛ ለእሷ ሰጧት ብላ ፊቷን አዞረች። ሴቶቹ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን እያዩ ተንሾካሾኩ። ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ለጸሎት ሲመጡ ሰው ሁሉ ወደ ዳሱ ወጣ። ልጅቷ አልወጣችም። እየተንፏቀቀች ተጠግታ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ሸዋጌጥ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፌ ላይ የቀረው ስም መርጋ የሚለው ነው።»

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ባለ ካሜራው ሌላ ዘፋኝ ሊያስገባ ነው። ሞረዳ በሕይወት ሳለ አላስነካም ብሎት ነበር። ‹የሸዋጌጥ ድምፅ ካልሆነ የእኔንም ፊት ቆርጣችሁ አውጡ› አለው፣ ሁላችንም ፊት። አሁን የሚከለክለው የለም። ሳይሰሙ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ሸዋጌጥ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ክፉ ክፉ የሚል ደስታ። ለእሷ ብሎ ሥራውን ሊያቃጥል ነበር ማለት ነው። ለእሷ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

«አንቺስ ምን ቸገረሽ? የአዲስ አበባ ዘፋኝ ብታዜምልሽ ላንቺ አይሻልም?»

ልጅቷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«እውነቱን ልንገርዎት? እኔ ቀንቼብዎት ነበር። ገና ከመጀመሪያው ቀን። ‹እዚህ ጋ ሸዋዬ አንገቷን ቀለስ ታደርጋለች፣ እዚህ ጋ ዓይኗን ትጨፍናለች› ይለኛል። ትቼ ልሄድ ሻንጣዬን ሁሉ አስሬ ነበር። ሙሽራ ሁኚ ብለው አምጥተውኝ እርስዎን ስሆን ከረምኩ። ሌላ ድምፅ ከገባበት ያ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?»

እንግዲህ ሌላም ሰው በእሷ ይቀናል! ሸዋጌጥ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ አየቻት። ከዳሱ የሽማግሌው ጸሎት ይሰማል፣ ረጅም ነው።

«አሳዪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እንዴት እንዳስተማረሽ ነዋ። የመጨረሻውን፣ ወንዙ ዳር ያለውን።»

«ለቅሶ ቤት ዘፈን?»

«ድምፅ የለሽ፣ ማን ይሰማሻል?»

ጸሐይወርቅ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ አንገቷን ቀለስ አድርጋ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሸዋጌጥ ቃሉን ከከንፈሯ ላይ አነበበችው፤

*ውሃው ጎደለ አሉኝ፣ መሻገሪያው ታየ፤*
*የኔ ሰው ብቻ ነው፣ ማዶ ላይ የቆየ።*

አንገቱ ልክ ነው። ዓይኑም ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አልገጠመም።

«ተሳስተሻል» አለች ሸዋጌጥ። «እኔ ‹አሉኝ› ላይ እተነፍሳለሁ። አንቺ እስከ ‹ታየ› ድረስ ሳትተነፍሺ ትሄጃለሽ።»

«እሱ ነው እንዲያ ያለው። ካሜራው ሲዞር የእርስዎን ዘፈን ጎኔ ቆሞ የሚዘፍነው እሱ ነበር። አፌን የማስከትለው ከእሱ ጋር ነው። እሱ ሲተነፍስ እተነፍሳለሁ። ፊልሙ ላይ ያለውም እንደዚያ ነው፣ አሁን አይለወጥም።»

ሞረዳ ረጅም ትንፋሽ ነበረው። አብረው ሲለማመዱ ሸዋጌጥ መሐል ላይ ስታርፍ እሱ ስንኙን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰውና ይስቅባት ነበር። አንገቱንና ዓይኑን ከእሷ ቀድቶ ለልጅቷ ሰጠ፣ ትንፋሹን ግን የራሱን ሰጣት። ሳያውቀው ነው። ዓለም ላይ የቀረው ያ ትንፋሽ ደግሞ እዚህ ሌላ ሴት አፍ ውስጥ ነው ያለው። ቅናቱ እንደገና ሽቅብ መጣባት። በዚህኛው ግን አልተናደደችም፤ ሞረዳ ናፈቃት።

«ለሰውዬው ንገሪው» አለች በመጨረሻ። «ማንንም እንዳያስገባ። ጥቁሬን እንደ ለበስኩ እመጣለሁ። አዚሜ ስጨርስ ሰው ይውደደው አይውደደው የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

ልጅቷ እጇን ልትስም ብትጎነበስ ከለከለቻት። ይልቅ የልጅቷን አገጭ በጣቶቿ ያዘችና ቀና አደረገችው።

«ድገሚው። ቀስ ብለሽ።»

ጸሐይወርቅ ደገመችው። ሸዋጌጥም አብራት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ያለ ድምፅ። «አሉኝ» ላይ ሲደርሱ ደረቷ አየር ፈለገ። ከለከለችው። «መሻገሪያው» ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ያን ጊዜም አልተነፈሰችም። «ታየ» ላይ የልጅቷ አገጭ በጣቶቿ መካከል ከፍ ሲል፣ እሷም እኩል ትንፋሽ ወሰደች።