በካርዴ ላይ ያልነበረ ስም

የአሜሪካ ጦር ያለ እኔ አንድ ወሬ እንኳ መሰብሰብ አይችልም ነበር ብል አላጋነንኩም። በፈረንጆቹ 2021 ሰመር፣ እዚሁ አሜሪካ ጋሃና በምትባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ለልምምድ በተከራዩት መጋዘን ውስጥ፣ በአንድ ኩባንያ ተቀጥሬ የመንደር ሽማግሌ ሆኜ እተውን ነበር። የመረጃ ወታደሮቹ ወሬ ከማን አፍ እንደሚወጣ፣ ሕዝቡ ማንን እንደሚሰማ ጠይቀው ማወቅ ይለማመዳሉ፤ ያገኙትን በራሪ ወረቀትና የሬዲዮ መልእክት ለሚያዘጋጁት ያቀብላሉ።

አሠልጣኙ አሥራት ነው፤ ከጦሩ በሻምበልነት የወጣ የእኛው ሰው። አንድ ቀን ጠዋት የምናገረው የተጻፈበትን ካርዴን ሰጠኝ።

«ጋሼ አብዱልሰመድ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ብቻ። ውሃው ተመርዟል የሚለውን ወሬ ማን ነዛው ካሉህ፣ አላውቅም በል።»

አላውቅም! እኔ?

የምትጠይቀኝ ሳጅን የልጄ እኩያ ናት። ደብተሯን ዘርግታ «እዚህ መንደር ሰው የሚሰማው ማንን ነው?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝ።

«ኸሊልን ነዋ! እሱ ሲያስነጥስ ሦስት ወረዳ ይማርህ ይላል።» ስሙን ከነአባቱ ሰጠኋት። ወሬውን የነዛው እሱ ነው፣ አምስት መቶ ጎረምሳ አደራጅቷል አልኳት።

ኸሊል የሚስቴ የጠይባ ወንድም ነው። ፖላሪስ የሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ይሸጣል፤ ያደራጀው ነገር ቢኖር የጫማ መደርደሪያ ነው። ለአምስት ዓመት የጠበቀው የጥገኝነት ኢንተርቪው ደግሞ ሐሙስ ነው።

ከምሳ ስመለስ ግድግዳው በስሞችና በቀይ መስመር ተሞልቷል። መሃሉ ላይ የኸሊል ፎቶ! የኢድ ለት ራሴ ያነሳሁት። ከሥሩ «ዋና ቀስቃሽ» ይላል።

«ከየት አመጣችሁት?»

«ሰርች አደረግነው» አለች ሳጅኗ በኩራት። «ፌስቡክ አለው። ኩባንያችሁ ለልምምዱ የፈጠረው ገጽ ነው አይደል? እውነተኛ ነው የሚመስለው!»

አሥራትን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ያ ፎቶ... ሰው ነው።»

«የምን ሰው?»

«የጠይባ ወንድም። እዚሁ ነው የሚኖረው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እዚህ አገር በሚኖር ሰው ላይ ወታደሮቼ ፋይል ከፈቱ እያልከኝ ነው? ክልክል እኮ ነው! የነገርካቸውስ እውነት ነው?»

ከፈጠርኩት አንዲቷን ቃል እንኳ ሳላስተባብል ብቀር ኸሊል አለቀለት። «አንዱም እውነት አይደለም። ሁሉንም ፈጠርኩት።»

«ይህንኑ ሁሉም ፊት ትደግመዋለህ።»

ደገምኩት። አሥራት ፎቶውን ገነጠለ፤ ከኮምፒውተሩም አስጠፋ። ቀጥሎ ፎርም አወጣ።

«ወደ በላይ ሪፖርት ማድረግ አለብኝ። ሕጉ ነው።»

«ስሙ ይጻፋል?»

«የማንን ፋይል እንዳጠፋን ሳልጽፍ እንዴት ይሆናል?»

«ሐሙስ የሚጠይቁት ሰዎች ጋ ቢደርስስ?»

«አይደርስም ብዬ መማል አልችልም፣ ጋሼ።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለኸሊል ኮል አደረግሁ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ደንበኛ ይዣለሁ።»

«ጠበቃህን አሁኑኑ አናግር። ስምህን ለወታደሮች ሰጥቻለሁ።»

ሳልጨምር ነገርኩት። ከጀርባው አንዲት ሴት ዘጠኝ ቁጥር ትጠይቃለች።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፤ «አሁን የምናወራውንስ የሚሰማ ሰው አለ?»

ስልኩን ዘጋሁት።