የጭልፊቷ ድርሻ

አፌ ለ«እሺ» ይቸኩላል። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ለሽማግሌ እሺ፣ ለአለቃ እሺ፣ ለማልፈልገው ነገርም እሺ። ልቤ እምቢ እያለ አፌ ቀድሞት ይስማማል። አሜሪካኖች ደግሞ እሺ ሲሏቸው የምር ይመስላቸዋል።

በፈረንጅ 1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከፍሪሞንት ከተማ በላይ ባሉት ኮረብታዎች አንድ የአደን ክለብ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ፌዛንት ማሳደግ ነው። ፌዛንት የቆቅ ዘመድ ነው፤ ጅራቱ ግን ረጅም ነው። ከጫጩትነቱ ጀምሮ እህሉን በሰዓቱ፣ መድኃኒቱን በልኩ እየሰጠን እናሳድገዋለን፤ መኸር ሲገባ የሳን ሆዜ ሀብታሞች መጥተው ይተኩሱበታል። እኔ ራሴ እንደዚያ ተቀማጥዬ አላደግሁም።

ያን ዓመት ከአጥሩ ማዶ ባለው ባህር ዛፍ ላይ ጅራቷ የቀላ ጭልፊት ጎጆ ሠራች። ጫጩቶቹን ሜዳ ላይ ስናወጣ ትወርድና አንዱን አንሥታ ትሄዳለች። በአንድ ሳምንት አሥራ ሰባት ወሰደች። አለቃዬ ዴል ደሙ ፈላ። ዓርብ ጠዋት ጥርስ ያለው የብረት ወጥመድ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ሜዳው ዳር ያለው ምሰሶ ጫፍ ላይ አድርጊው። ስታርፍ እግሯን ይይዛታል» አለኝ። «ካልቻልሽ የሚችል ሰው እቀጥራለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

የነቃሁት መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ጭልፊት መግደል የፌዴራል ወንጀል መሆኑን የሚናገር ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዴል ጀርባውን ሰጥቶት ይውላል። እኔ ደግሞ የዜግነት ፎርሜን ከላክሁ ወር አልሞላኝም። ሱዳን አራት ዓመት፣ እዚህ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ወረቀት ነው። ፎርሙ ላይ «ሳትያዥ የቀረሽበት ወንጀል ፈጽመሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «ኖ» ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ወጥመዱን ብሰቅለው ያ ምልክት ውሸት ይሆናል። ባልሰቅለው እንጀራዬ ይዘጋል።

እሑድ ኦክላንድ ከአምልኮ በኋላ ለጋሽ ባዩ ነገሩን ሁሉ ነግሬ እንዲጸልዩልኝ ለመንኳቸው። ጋሽ ባዩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ዱሮ ግን አዲስ አበባ ቄራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆዳ ሲገፍፉ ኖረዋል።

«ጸሎቱን እንጸልያለን» አሉኝ። «እስኪ ንገሪኝ፣ በበሽታ የሚሞቱትን ጫጩቶች ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«ጋርቤጅ ነው የምንጥላቸው። በቀን ሁለት ሦስት አይጠፋም።»

ሳቁ። «ቄራ ጭልፊት ሥጋውን ከእጃችን ይነጥቀን ነበር። በድንጋይ ብናባርረው፣ ብንሰድበው ወይ ፍንክች። ኋላ አንድ ትልቅ ሰው ትርፍራፊውን በጠዋት ከግቢው ወዲያ አስቀምጡለት አሉን። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልነካን። ሆዱ የሞላ ምን አስጨንቆት ይሰርቃል? ነገ ኦፍ ነኝ፣ መጥተሽ ፒክ አድርጊኝ።»

ሰኞ ዴል ሳይገባ ደረስን። ጋሽ ባዩ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ እያለከለኩ ኮረብታውን ወጡ። በባህር ዛፉ አጠገብ፣ ከአጥሩ ርቆ፣ የተቆረጠ ግንድ መረጡ፤ ሁለት የሞቱ ጫጩቶች አስቀመጥን። «ሰዓቱን አታዛንፊ። እንግዳ ነው ብለሽ አስቢያት» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን አልመጣችም። በሁለተኛው ቁራ በላው። እኔ ጋሽ ባዩን ሳይቀር በልቤ ረገምኳቸው፤ ይቅር ይበለኝ። ዴል በየጠዋቱ «ወጥመዱን እንዳትረሺው» ይለኛል፤ እኔም ያችኑ እሺዬን እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ጭልፊቷ ግንዱ ላይ አረፈች፤ ግራና ቀኝ አየች፤ አንዱን ይዛ ወደ ጎጆዋ ወጣች። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ዴል ወጥመዱን ሊያይ ራሱ ወጣ። ምሰሶው ባዶ ነው፤ ጭልፊቷ ግንዱ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ዞሮ አየኝ።

እንደ ልማዴ እሺ ልል ነበር። «አልሰቀልሁትም፤ አልሰቅለውምም» አልኩት። «ወጥመድህ መኪናዬ ውስጥ ነው።»

«በዚህ ሳምንት ስንት ወሰደች?»

«አንድ።»

ወደ መኪናዬ ወረደ። ከዚያ ወጥመዱን ከመኪናዬ አወጣ፤ የራሱ መኪና ኋላ ላይ ወረወረው። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ቴንክ ዩ በይልኝ» ብሎ ሄደ።

በመስከረም ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ኦፊሰሯ ፎርሙን እየገለበጠች እዚያ ጥያቄ ላይ ደረሰች፤ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ኖ» አልኩ። እውነት ነበር። በሕይወቴ የእምቢታ ቃል እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ያንን ቃል በእውነት እንድናገረው ያደረጉኝ ጋሽ ባዩ ናቸው።

ከዚያ በቀጥታ ቴሌግራፍ ሄድኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ በመኪኖቹ መሃል ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«አለፍኩ ጋሼ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ…»

«ተይ እንግዲህ» አሉኝ። «ያችስ? ልጆቿን አሳደገች?»

«ሁለት። በሰኔ በረሩ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተመስገን» አሉና ወደሚጠብቃቸው መኪና ሄዱ።